ከሳጥን ሥር የወጣ የድሮ የመሬት ውል እንዴት ይነበባል

አያቴ ያረፉ ዓመት ከሳጥናቸው ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። አጎቴ ገና ከላዩ ሲያየው «ይኸው! አባቴ መሬት ገዝተው ነበር!» ብሎ ተነሳ። ጠበቃ ሊይዝ ሁሉ አስቦ ነበር። እኔ ሁለት ሳምንት ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። ነገሩ ግዢ አልነበረም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠፋምና፣ እኔ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ በፕላስተር አትለጥፉት። እኔ ለጥፌው አንድ መስመር ከነቀለሙ ተነስቷል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ መስኮት አጠገብ ብርሃን ከጎን እንዲመታው አድርጉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ። እንዲያውም ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ነው የሚያወራው፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ። የድሮ ጸሐፊዎች ቁጥሩን ብዙ ጊዜ በግዕዝ ነው የሚጽፉት። ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ ሲደበዝዙ መንታ ናቸው። ደግነቱ ብዙዎቹ ዘመኑንም ጠርተው ያልፋሉ፦ «በዘመነ ማርቆስ» ይላሉ። ስለዚህ ማረጋገጥ ይቻላል። ዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉት። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። የእኛ ወረቀት 1950 ይላል። 7450 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ። ልክ ነው።

ቀኑ የተጭበረበረ ከመሰላችሁ ደግሞ የሕግ ቁጥር ፈልጉ። በኋላ ዘመን ውሎች መጨረሻ ላይ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የሚል አረፍተ ነገር አይጠፋም። ያ ሕግ የወጣው በ1952 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.። የ1945 ውል ነኝ የሚል ወረቀት ይህን ቁጥር ከጠቀሰ አንድም በኋላ የተገለበጠ ነው፣ አንድም አንድ ሰው ተንኮል ሠርቷል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ያኔ መሬትና ብድር የሚገናኙበት መንገድ ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም ይመሳሰላሉ። «ሽጫለሁ» የሚለውን ቃል ብቻ አይታችሁ እንዳትሸወዱ፣ አጎቴን ጉድ የሠራው እሱ ነው። ሰው መሬቱን ለብድር ሲያስይዝም «ሸጥኩ» ያስጽፍ ነበር። መለየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ በዱቤ የተሸጠ መሬትና ወለድ አገድ።

በዱቤ ሲሸጥ ዋጋ ይቆረጣል፣ ገዢው ቀብድ ይሰጣል፣ የቀረው በቀጠሮ ይከፈላል። ገዢው ዋስ ይጠራል። ሻጩ ደግሞ ነገ ዘመድ ተነስቶ «የአባቴ ርስት ነው» ቢል መልስ እሰጣለሁ ብሎ ይፈርማል። ርስት ላይ ዘመድ ቅድሚያ ይገባኛል ማለቱ የታወቀ ነበርና ይህ የወግ ቃል ብቻ አይደለም፣ ገዢው እንቅልፍ የሚያገኘው በዚህ አረፍተ ነገር ነው። ማሰሪያው ላይ «ከእንግዲህ እኔም ልጆቼም አንጠይቅም» የሚል ነገር ካገኛችሁ ሽያጭ ነው።

ወለድ አገድ ሌላ ነው። ባለመሬቱ ብር ይወስዳል፣ አበዳሪው መሬቱን ይይዛል። እያረሰ ወይም እያሳረሰ ምርቱን ይበላል። ምርቱ ወለድ ነው፣ ዋናው ብር ግን ንቅንቅ አይልም። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት፦ 300 ብር የወሰደ ሰው አሥር ዓመት ምርቱ ቢበላም በአሥረኛው ዓመት ያለበት ያው 300 ብር ነው። የ1952ቱ ሕግ የብድርን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ ወለድ አገድን ግን ከቁጥር 3117 ጀምሮ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። ምልክቱ አንድ ሐረግ ነው፦ «ብሩን በመለስኩ ጊዜ መሬቴን ይለቅልኛል»። አንዳንዱ «ሰብል ከተነሳ በኋላ» ብሎ ይጨምራል፣ የተዘራ መሬት መሃል ላይ እንዳይነጠቅ ነው።

የእኛ ወረቀት ላይ ይህች ሐረግ እጥፋቱ ላይ ነበረች፣ በግማሽ ተበልታለች። ለዚህ ነው ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሱት ያልኳችሁ።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡት። ክፍያ የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነው፣ ቀጠሮውም ብዙ ጊዜ በበዓል ነው፦ ለመስቀል፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ። ጥምቀት ላይ መብዛቱ አይግረማችሁ፣ እህል ተወቅቶ እጅ ውስጥ ብር የሚገባው ያኔ ነው። እያንዳንዱን ደምሩት። እኛ ጋ ሦስት መስመር አለ፣ በሦስት ዓይነት ቀለም፦ በ1952 ለጥምቀት 100 ብር፣ በ1955 80 ብር፣ በ1958 60 ብር። አጠገባቸው የአውራ ጣት አሻራ አለ። ድምሩ 240 ነው። ከተበደሩት 300 ብር 60 ብር ቀርቷል። ገዢ የተባሉት አያቴ አበዳሪ ነበሩ። ከፋዩ ባለመሬቱ ነው።

ስፋቱ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። ጥማድ ግን አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፣ በግምት ሩብ ሄክታር፣ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይለያያል። ድንበሩን የሚነግራችሁ ዋርካ፣ ገደል፣ ወንዝና የጎረቤት ስም ነው። ዋርካው ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ የጎረቤቱ የልጅ ልጅ ግን አይጠፋም።

ከወረቀቱ ጋር የግብር ደረሰኝ ካለ እንደ ወርቅ ያዙት። በማን ስም ተከፈለ? መሬቱ በወለድ አገድ ሲያዝ ግብሩ ብዙ ጊዜ በባለመሬቱ ስም ይቀጥላል። መሬት በጋሻ በሚለካበት አገር ከሆነ በ1937ቱ ሕግ አሥራቱን ጨምሮ ለም 50፣ ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ 15 ብር በጋሻ ነበር። ከዚያ ተነስታችሁ መሬቱ ምን ተብሎ እንደተመደበ መገመት ትችላላችሁ።

ቤት ውስጥ ወረቀት የለም? ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። ከጎንደር ዘመን ጀምሮ የመሬት ሽያጭ በብራና መጻሕፍት ባዶ ቦታ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ምስክሩና ዋሱ በስም፣ ማሰሪያው ላይ ውሉን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። ለቄሱ በደንብ አስረዱ፣ መጽሐፉንም ራሳችሁ አትግለጡ።

አሁን የአጎቴ ጥያቄ፦ መሬቱን ማስመለስ ይቻላል? አይቻልም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ ሽያጩንም፣ መያዣውንም፣ ወለድ አገዱንም አንድ ላይ ዘጋው። ያኔ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው እስከ 10 ሄክታር ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ዛሬ ቀበሌ ስትሄዱ የሚጠየቀው የይዞታ ደብተር ነው፣ የአያታችሁ አሻራ አይደለም። በዚህ ወረቀት ወንድም ከወንድሙ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ እንዳይካሰስ። ጠበቃው ብቻ ነው የሚያተርፈው።

የመጨረሻው ሥራ ወረቀቱን ለትልቅ ሰው ማንበብ ነው። ጮክ ብላችሁ፣ ስሞቹን ሳትዘሉ። ወረቀቱ ላይ «እኩል» ወይም «ሲሶ» የሚል ቃል ካጋጠማችሁ በተለይ ጠይቁ። ብዙ ሰው መሬቱን አስይዞ ራሱ መሬቱን እያረሰ ግማሹን ወይም ሲሶውን ላበዳሪው ይሰጥ ነበር። በገዛ መሬቱ ላይ የእኩል አራሽ ሆኖ ማለት ነው።

እኔ ለአክስቴ አነበብኩላት። የባለመሬቱን ስም ስጠራ ቡና እየቀዳች ነበር፣ ጀበናውን አስቀመጠች።

«ኧረ ያ ሰውዬ! በየዓመቱ ጥር ላይ በአህያ ጤፍ ጭኖ ይመጣ ነበር። እኛ ልጆቹ ስጦታ የሚያመጣ ዘመድ ይመስለን ነበር። እየሮጥን ሄደን ነበር የምንስመው።»