አልሞንድ ዲኤንኤን ይጠብቃል ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

"ለውዝ ዲኤንኤን ከጉዳት ይጠብቃል አሉ፤ እውነት ነው?" ብላ ጓደኛዬ ጠየቀችኝ። ዲኤንኤ ማለት በሴሎቻችን ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ ነው። ስትጠይቀኝ ከቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒውን እየለቀመች ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ አልሞንድ ነው። ዛሬ ሱቅ ገብተን "ለውዝ ስጠኝ" ስንል ግን የሚሰፈርልን ኦቾሎኒ ነው። አንዱ የኮክ ዘመድ፣ ሌላው የአተር። ይህን ያስባለው ጥናት የተሠራው በአልሞንድ ስለሆነ ውጤቱን ዝም ብለን ለኦቾሎኒ መስጠት አንችልም።

ሁለተኛው፣ ማን ምን ያህል እንደበላ ሳያዩ ማውራት ነው። ብዙ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የቻይና ጥናት ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ 60 ወጣት ወታደሮች ለ4 ሳምንት በቀን 84 ግራም አልሞንድ በሉ። ለሌላ 4 ሳምንት ደግሞ ለማነጻጸር በምትኩ 120 ግራም የአሳማ ሥጋ። ከአልሞንዱ በኋላ ሽንታቸው ውስጥ ያለው የዲኤንኤ ጉዳት ምልክት በ28 በመቶ፣ በደም ሴሎቻቸው ላይ የሚታየው የዲኤንኤ መበጠስ በ23 በመቶ ቀነሰ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን 84 ግራም ወደ 70 ፍሬ ይሆናል፤ በየቀኑ! ደግሞም የዲኤንኤ ጉዳት ለካንሰር ሊዳርግ ቢችልም፣ በ4 ሳምንት ውስጥ ካንሰር ይቀንስ አይቀንስ መለየት አይቻልም።

"እንግዲያው እያጨስኩ አልሞንድ ብበላስ?" የሚል አለ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በዚያው ጥናት አልሞንድ ከበሉ በኋላ እንኳ፣ የሰውነት ስብ መጎዳቱን የሚያሳየው ምልክት አጫሾቹ ላይ ለማነጻጸሪያ ከተመረመሩት የማያጨሱ ወንዶች ከፍ ያለ ነበር።

አልሞንድ ዲኤንኤን "ይጠግናል" የሚሉም አሉ፤ ቃሉ ልክ አይደለም። ዲኤንኤን የሚጠግኑት የሴሉ የራሱ ፕሮቲኖች ናቸው። አልሞንድ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ቢረዳ እንኳ ጉዳቱ እንዳይበዛ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ስለ ጉዳት ስናስብ ሻጋታውን መርሳት ነው። ላስቲክ ውስጥ ታስሮ እርጥበት ያለበት ጓዳ የከረመ ፍሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያወጣ ይችላል። መርዙ ጉበት ውስጥ ሲደርስ ይለወጥና ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል። የጉበት ካንሰር የሚያመጣው በዚህ መንገድ ነው። ይሄ ሻጋታ አልሞንድም ኦቾሎኒም ላይ ሊበቅል ይችላል።

እኔም ድሮ አረንጓዴ ዱቄት የለበሰውን ለቅሜ ጥዬ የቀረውን እቆላ ነበር። መቁላት ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን ጨርሶ አያጠፋም። ከሻገተው አጠገብ የነበረው ደህና የሚመስል ፍሬም ሊኖርበት ይችላል። የጓደኛዬን ሳህን ሳየው ሁለት የተጨማደዱ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ኦቾሎኒዎች አገኘሁ። አንዱን ቀምሳ "ኤጭ፣ ይመራል" ብላ ተፋችው። የቀረውን ቆሎ አብረን ደፋነው።