«ወተቴ አይበቃውም» እና ሌሎች ጡት ማጥባትን የሚያሰናክሉ ስህተቶች

አራስ እናቶችን ጡት ማጥባት ማለማመድ የዕለት ሥራዬ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ስህተት «ወተቴ አይበቃውም» ብሎ መደምደም ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ዘመድ «ተርቧል» ይላል፤ ጡጦ ይመጣል። ጡት ወተት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። ሕፃኑ በጡጦ ጠግቦ ሲተኛ ጡቱ ሳይጠባ ይውላል፤ ሳይጠባ የዋለ ጡት ደግሞ ወተቱን እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ጊዜ እናትየዋ «አላልኩም?» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወተቱ አላነሰም ነበር፤ እንዲያንስ ተደረገ እንጂ!

ልቅሶ ብቻውን የረሃብ ምልክት አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት ማጋቱን ትቶ ቢለሰልስም ወተቱ ደረቀ ማለት አይደለም። ታልቦ የሚወጣው ማነሱም ማስረጃ አይሆንም፤ በደንብ የሚጠባ ሕፃን ከማለቢያ መሣሪያ የበለጠ ይስባል። አንዲት እናት በጠርሙሱ ግርጌ ያለችውን የታለበች ጥቂት ወተት እያሳየችኝ ስታለቅስ፣ ልጇ ጠግቦ ክንዷ ላይ ተኝቷል፤ ጡጫው ተፈትቷል። ዳይፐሩን ስፈታው በሽንት ከብዷል። መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 በደንብ የረጠበ ዳይፐር፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነስ በኋላ ደግሞ የሚጨምር ክብደት። እነዚህ ከጎደሉ በዚያው ዕለት ሕፃኑን ለባለሙያ አሳዩ።

እንገርን፣ የመጀመሪያውን ወተት፣ አትጣሉ። ወፍራም፣ ቢጫማና ጥቂት ነው፤ ለአራስ ሕፃን ትንሽ ሆድ ግን ልክ ነው፤ በሽታ ተከላካይነቱም ከፍተኛ ነው።

«ሲለመድ ይተወኛል» እያሉ የቆሰለ የጡት ጫፍ ይዞ ማጥባት ሌላው ስህተት ነው። የቆሰለ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ጡቱን በትክክል እንዳልጎረሰ ይናገራል። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቁት፤ ከጫፉ ጋር የዙሪያውን ጥቁር ክፍልም ይጉረስ። አገጩ ጡቱን ይንካ፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ካመማችሁ ጣታችሁን በአፉ ጥግ አስገብታችሁ አላቁትና እንደገና አስጀምሩት። መጎተት ቁስሉን ያባብሳል።

በሰዓት ቆጥሮ ማጥባትም ይቅር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ እጁን ሲልስና አፉን ሲከፍት ልቅሶውን ሳትጠብቁ ስጡት። የሌሊቱን አትዝለሉ፤ ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን በሌሊት ከፍ ይላል።

ጡት ቀልቶ ሲያምም ብዙዎች ማጥባት ያቆማሉ። ወተቱ ሕፃኑን አይጎዳም፤ ማቆሙ ግን ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ትኩሳት ካለ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ከወለዳችሁበት ቦታ ሳትወጡ ባለሙያ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሕፃኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጠባ ይይላችሁ። «እሺ፣ ይጠባል» ብሎ ከበር የሚመለስ ከሆነ እንዲቀርብና ሕፃኑ ሲውጥ እንዲያይ ጠይቁት።