ደብተር ልከን የምንረሳው ነገር

መስከረም ሲጠባ ብር አዋጥተን ለገጠር ልጆች ደብተር የምንልክ ብዙ ነን። እኔም አለሁበት። ግን የገጠር ሴቶችን ስንረዳ ስንት ዓመት ተሳስተናል መሰላችሁ!

የመጀመሪያው ስህተት የቤት ኪራይን መርሳት ነው። ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ወደ 9ኛ ያለፈች ልጅ ወረዳ ከተማ ወርዳ፣ ከሦስት አራት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። ቅዳሜ በእግሯ ቤተሰብ ጋ ትሄዳለች፣ እሑድ እንጀራውን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክማ ትመለሳለች፤ ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻግቷል፣ ፈተናው ደግሞ ዓርብ ነው። ወላጅም ብቻዋን ከተማ ከምትቀመጥ ትዳር ትያዝ ማለት ይጀምራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፣ አማራ ክልልም ተከትሏል። ሕጉ ግን ኪራይ አይከፍልላትም። ደርዘን ደብተር ከመላክ የዓመት ኪራይዋን ቻሉላት። ሞዴስም አብራችሁ ላኩ፣ ማፈር ይቅር።

ሁለተኛው ሳይጠይቁ ሥራ መምረጥ ነው። እኛ ለአንዲት ዘመዳችን የልብስ ስፌት መኪና ገዛንላት። ሰፈሯ ውስጥ ሦስት ልብስ ሰፊ እንዳለ፣ ሰዉም ሰልባጅ እንደሚለብስ ማን ጠየቀ? በዓመቱ ስንሄድ መኪናው ነጠላ ለብሶ ጥግ ይዟል። እሷ እቴ! የፈለገችው ቅቤ መነገድ ነበር፤ መነሻውንም በእቁብ ስታጠራቅም ነበር።

ሦስተኛው፣ ለሚስት ሰጥቶ ማን እንደሚያዝበት አለማየት። አምስት ስድስት ዶሮ ሲሆን የሷ ነው፣ እንቁላሉን ሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛበታለች። ሃምሳ ሲሞላ ግን አባወራው «ዶሮዎቼ» ማለት ይጀምራል። ብድርም ያው ነው፤ ፈርማ የምትወስደው እሷ፣ በሬ የሚገዛበት እሱ፣ ዕዳው የሷ። ስለዚህ ወረቀት አትናቁ። አማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ ይለጠፋል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ብትፋታ ወይም ባሏ ቢሞት «መሬቴ ነው» የምትልበት ማስረጃዋ እሱ ነው። ላም ብትሰጡም በስሟ ውል ይኑራት፣ የባንክ ደብተሯንም እሷው ትያዘው።

ሌላው ሰዓት ነው። በገበያ ቀን ሴቶቹን ሥልጠና ጠርተን ሰው ቀረ ብለን አኩርፈን እናውቃለን። በኋላ ስንጠይቃቸው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሻለናል አሉ። እነሱ ቡናውን አፈሉ፣ እኛ ልጅ የሚይዝ ሰው አዘጋጀን። የዚያን ቀን መቀመጫ ጠፋ።