ዓመታት ቆማ የማትነሳ ቬስፓ፦ ችግርና መፍትሄ

ግቢ ጥግ አቧራ የለበሰች አሮጌ ቬስፓ ካለቻችሁ፣ "ሞተሩ ይውረድ" የሚላችሁን ሰው ለጊዜው አትስሙት። ለዓመታት የቆመች ቬስፓ ብዙ ጊዜ ያጣችው ቤንዚን ወይም እሳት (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ) ነው። እዚህ የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ1965 መመረት ስለጀመረችው ሱፐር 150 ስለምትባለው የቬስፓ ሞዴል ነው።

ብትረግጧትም አትነሳም

ካንዴላውን (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ፈታችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ከራሰ ግን የጎደለው እሳት ነው።

ደረቅ ሲሆን የቤንዚኑን ጎማ ከካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ዕቃ) ንቀሉና ታንኩን ክፈቱ። ካልፈሰሰ መክፈቻው ተደፍኗል። ከፈሰሰ ካርቡራተሩን ጠርጥሩ። የቆየ ቤንዚን ሲተን ሙጫ ነገር ትቶ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ፈታታችሁ በካርቡራተር ማጽጃ እጠቡ፣ በኮምፕሬሰር ንፉ። በሽቦ መጎርጎር ክልክል ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ልኩ ጠፋ። አሮጌውን ቤንዚን አውጥታችሁ አዲስ ሙሉ፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት (ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚነድ የሞተር ዘይት) ቀላቅሉ። ዘይት የሌለው ቤንዚን ፒስቶን ይጨርሳል።

ከራሰ ጠርጉት፣ የካንዴላው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ኮፍያ ውስጥ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩና ርገጡ። ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታ ግን እንዳትሞክሩት። እሳቱ ከሌለ ወይም ቢጫና ደካማ ከሆነ አዲስ ካንዴላ አስገቡ፣ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቀጥሎ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን መገናኛ) በቮላኖው፣ ማለትም ከክራንኩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ መስኮት እዩ። ፊቱ ከጠቆረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ሙሉ ሲከፈት ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ጸድቶም ቶሎ ከተቃጠለ ጥፋተኛው ኮንዴንሰሩ (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ነው።

ትነሳና ጥቂት ሄዳ ትጠፋለች

በጠፋችበት ቦታ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። በመርፌ ይጸዳል፣ አለቀ። እስክትቀዘቅዝ ድረስ አልነሳም ካለች ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ወይም ኮንዴንሰሩ ሙቀት አልቻለም።

ጋዝ ሳትሰጧት ትጮኻለች

ይሄንን አትናቁት። የጋዝ ገመዱ ተይዞ ካልሆነ፣ ከሆነ ቦታ የውጭ አየር እየገባ ነው። መጀመሪያ የካርቡራተሩን ቡሎኖችና ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል ያለውን ማሸጊያ) ፈትሹ፤ ርካሹ እሱ ነው።

እዚያ ካልተገኘ ወደ ፓራኦሊዮ (የሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) እንሄዳለን። በዚህ ሞተር ቤንዚኑ መጀመሪያ የሚገባው ክራንኩ (ፒስቶኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ) ወዳለበት ክፍል ነው። ክፍሉ በግራና በቀኝ በፓራኦሊዮ ይታሸጋል፤ ዓመታት ሲቆም ጎማው ይደርቃል። በቮላኖው በኩል ያለው ሲለቅ አየር ይገባል፣ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በመጨረሻ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ላይ ይያዛል። ስለዚህ እየጮኸች አትንዷት። በማርሽ በኩል ያለው ሲለቅ ደግሞ የማርሽ ዘይቱን ትጠጣለች፦ ነጭ ጭስ አያቋርጥም፣ 250 ሚሊ ሊትር የሞላችሁት 30 ቁጥር ዘይት ይጎድላል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ብታጨስ ግን አትደንግጡ፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ የቆየው ዘይት እየነደደ ነው።

ሞተሩ የሚወርደው እንግዲህ ለዚህ ነው። አንዴ ከተከፈተ ሁለቱንም ፓራኦሊዮ ቀይሩ፣ አንዱን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ድካምን መድገም ነው።

ፍሪሲዮን ተይዟል

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ዕቃ ነው፤ የውስጥ ዲስኮቹ ተጣብቀዋል። ሞተሩ ጠፍቶ 2ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጡና ወዲያ ወዲህ ግፏት። ብዙ ጊዜ ይላቀቃል። እምቢ ካለ ዲስኮቹ ይውጡ፤ ለዚህ ሞተሩን ለሁለት መክፈት አያስፈልግም።

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የፍሬን ሸራውን እዩ፤ ዘይት ከነካው ይቀየር። ጎማውም ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ጎኑ ከተሰነጠቀ አትንዱበት።