መዋያው ተሸፍኖም ዶሮ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

በጓሮ ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮዎቹ ቀን የሚውሉበትን አጥር፣ መዋያውን፣ የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ እጁ ላይ ያለውን ሸራ ወይም ሽቦ ይዘረጋና ተገላገልኩ ይላል። ጭልፊትን የሚከለክል ክዳን ግን ሽልምጥማጥን አያቆምም፤ ዝናብንም አይመልስም። ስለዚህ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት የቀረውን ምልክት በደንብ እዩት።

በቀን ጫጩት ይጠፋል፤ ደምም ላባም የለም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭልፊት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሥጋ ቤቶች ዙሪያ የሚያንዣብበው ጅራተ መንታ አሞራ ጫጩት ለመንጠቅ መሬት ማረፍ እንኳ አያስፈልገውም። ትልቅ ዶሮ ተበልቶ ላባው አንድ ቦታ ላይ ተነጭቶ ከተከመረ ግን ከጭልፊት የከበደ አዳኝ አሞራ መጥቷል ማለት ነው።

መፍትሄው መረብ ነው። ሐዋሳና ባቱ አካባቢ ያላችሁ ያረጀ የዓሣ መረብ ብታገኙ ይበቃል። ግን ወጥራችሁ እሰሩት፤ የላላ መረብ የዶሮ እግርና የወፍ ክንፍ ይጠላልፋል። ሲዲ ማንጠልጠልና ክር መዘርጋት ለጥቂት ቀን ያስፈራራል፤ አሞራው ሲለምደው ዋጋ የለውም። ከላይ ተሸፍኖም ጫጩት መጥፋቱ ካልቆመ ሰማዩን ትታችሁ የድመት መግቢያና የአይጥ ጉድጓድ ፈልጉ።

ጠዋት ሬሳው ተገኝቷል፤ ጭንቅላቱ የለም

እዚህ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሽቦው ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳይወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ዶሮዋ ሽቦውን ተጠግታ ስትተኛ፣ አውሬው ከውጭ በቀዳዳው ጭንቅላቷን ይይዝና ይጎትታል። ከመሬት እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያለውን ክፍል ቀዳዳው ግማሽ ኢንች በሆነ የተበየደ ሽቦ ደርቡት። ቆጡንም ከሽቦው ግማሽ ሜትር ያህል አርቁ።

ሽልምጥማጥ ግን ግድግዳ የሚወጣ ፍጥረት ነው። ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱ ይከተላል። ብዙ ሰው ግድግዳውንም ክዳኑንም አሳምሮ ሠርቶ፣ ቆርቆሮው አግዳሚው ላይ በሚያርፍበት መስመር የሞገዱን ክፍተት ይረሳዋል። ጨርቅ መወተፍ አይጠቅምም፤ አይጥ ይጎትተዋል። የሽቦ ቁራጭ አጥፋችሁ በየሞገዱ ምቱበት። ሽቦውንም በታጠፈ ሚስማር ብቻ አትያዙት፤ በላዩ ላይ ጣውላ ደርባችሁ ብትመቱት ተስቦ አይነቀልም። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሌሊት ዶሮዎቹን ቤታቸው አስገብታችሁ ዝጉ፤ መዋያ የቀን ነው።

አጥሩ ሥር አፈር ተቆፍሯል

ውሻ ወይም ቀበሮ ነው። ሽቦውን ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር መሬት ላይ አንጥፉና ድንጋይ ጫኑበት። ቆፋሪ የሚጀምረው ከአጥሩ ግርጌ ስለሆነ እዚያው ሽቦ ያጋጥመዋል።

ከዝናብ በኋላ ክዳኑ ሆዱን ጥሏል

ሸራ ተኝቶ ከተዘረጋ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ምሰሶውን ይዞ ይወርዳል። ለበጋ ጥላ ካልሆነ ለክረምት ሸራ አልመክርም። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብም በረዶ ሲጥል ያንኑ ያደርጋል፦ በረዶው አያልፍበትም፣ ይከመርበታል። ቆርቆሮ አድርጉ፤ በአንድ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ስጡት። ሚስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታ፤ በቦዩ ላይ ከተመታ ውሃው በሚስማሩ ቀዳዳ ይገባል።

ክዳኑ አያፈስም፤ መሬቱ ግን ጭቃ ነው፣ ይሸታል

ውሃው የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው። የመኖሪያ ቤቱ አሸንዳ ወዴት እንደሚያፈስ ዝናብ እየጣለ ቆማችሁ ተመልከቱ። በላይኛው በኩል ቦይ ቆፍሩ፣ መሬቱን በገረጋንቲ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ገለባ ወይም ፋጎ (የእንጨት ፍቅፋቂ) አልብሱት፤ የረጠበውን እያወጣችሁ። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ ተውሳክ እርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ላይ ይጎለምሳል፤ ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ኩስ ከጣሉ መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፣ መሬቱንም አድርቁ። መሬቱ ካልደረቀ መድኃኒቱ ብቻውን ገንዘብ መጣል ነው።

ቆርቆሮ ሥር አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ

አዳማና ድሬዳዋ ያሉ ይህን ያውቁታል። ዝቅ ብሎ የተመታ ቆርቆሮ ሙቀቱን ዶሮዎቹ ላይ ይጥለዋል። ወደ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ካልሆነ ከላዩ ሳር ጫኑበት። የእኔ ምርጫ ግን መዋያውን ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ አለመሸፈን ነው፦ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሽቦ። ፀሐይም ጥላም ሲኖራቸው የሚሻላቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ወጪውም ይቀንሳል።

ድንቢጥ መኖ እየለቀመ ነው

የሚያስጨንቀው የምትበላው እህል አይደለም። የዱር ወፍ ፈንግልን ጨምሮ በሽታ ከጓሮ ጓሮ ሊያዞር ይችላል። መኖና ውሃውን በቆርቆሮው ሥር አድርጉ፤ በዚያ በኩል ያለውን ጎን በግማሽ ኢንች ሽቦ ዝጉ። ክትባት ግን በሽቦ አይተካም። አንገቷ የተጣመመ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ዶሮ ካያችሁ ለይታችሁ አስቀምጡና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ፤ የሞተውንም ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ እንጂ ለውሻ አትጣሉ።