የጋዝ ኮምፕረሰር ፍሬም ሲጎብጥና ሲሰነጠቅ እንዴት ይለካል?

እዚህ አሜሪካ የጋዝ ቧንቧ መስመር ላይ ጋዙን የሚገፉት አሮጌ ኮምፕረሰሮች ቤት ያክላሉ። ሞተሩና ኮምፕረሰሩ አንድ ፍሬም፣ አንድ ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የታሰሩበት የሚዞር ዘንግ) ይጋራሉ። ሲያዩት አይነቃነቅም ያሰኛል። ግን ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ሲላላ ፍሬሙ ይተጣጠፋል። የተሠራበት ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ደግሞ መተጣጠፉን ብዙ አይችለውም፤ ይሰነጠቃል።

ሞተሩ እየሠራ የፍሬሙን እግሮች በጨርቅ አድርቁ። በእግሩና በመሠረቱ መካከል ዘይት አረፋ እየሠራ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ እዚያ ጋ እየተነሣ እየወረደ ነው።

ከዚያ አጥፉ። ጋዙን ዘግታችሁ አስተንፍሱ፣ የማስነሻውን አየር ቆልፉ። ቁልፉ ኪሳችሁ ይሁን።

ዋናው ልኬት ክራንኩ ላይ ነው። ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) የታሰረበት ፒን ግራና ቀኝ ሁለት ጉንጮች አሉ። ዳያል ጌጁን (መርፌ ያለውን ትንሽ መለኪያ) በጉንጮቹ መካከል፣ ከፒኑ ትይዩ፣ በፓንች በተመታው ነጥብ ላይ ወጥሩት። በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ መርፌው ከተንቀሳቀሰ አቀማመጡ ልክ አይደለም። ቢዬላውን እንዳለፋችሁ ዜሮ አድርጉና ክራንኩን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ በቀስታ አዙሩ። መነሻው ላይ፣ በአንዱ ጎን፣ ከመነሻው ትይዩ፣ በሌላው ጎን፣ መጨረሻ ላይ፦ 5 ንባብ። ፍሬሙ ቀጥ ካለ መርፌው እምብዛም አይነቃነቅም። ከጎበጠ ጉንጮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ገደቡን ከሞተሩ ማኑዋል ውሰዱ እንጂ ከሰው አፍ አትቀበሉ።

ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቼም ተሸውጃለሁ። ሞተሩን ማታ አጥፍተን ጠዋት ለካሁ። ንባቡ ያማረ ነበር፤ ፈረምኩበት። ከወራት በኋላ ክራንኩን የሚሸከመው ኩሽኔታ መቀመጫ ሥር ስንጥቅ ተገኘ። ለካ ፍሬሙ የሚጎብጠው ሲሞቅ ነው! ስለዚህ በትኩሱ ለኩ፤ ሲቀዘቅዝም ድገሙ። ታዲያ በትኩሱ ልለካ ብላችሁ ክራንኩ ያለበትን ክፍል በር ወዲያው አትክፈቱ። የዘይቱ ጭጋግ አየር ሲያገኝ ሊፈነዳ ይችላል። ማኑዋሉ ያለውን ደቂቃ ጠብቁ።

ስንጥቅ ፍለጋው ቀላል ነው፤ ቅባቱን እጠቡ፣ ቀይ ቀለሙን ንፉ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ፣ ጥረጉ፣ ቀለሙን ከስንጥቁ ስቦ የሚያሳየውን ነጩን ንፉ። ስትጠርጉ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ፍሬሙ ላይ አትንፉ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀለም ያጥበዋል።

ማደጉ እንዲታወቅ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በፓንች ምቱና ቀኑን ጻፉ። ብዙ ሰው ጫፉን በድሪል በስቶ ይገላገላል። እኔ አላምንበትም። መሠረቱ ካልተስተካከለ ስንጥቁ ቀዳዳውን ዘሎ ይቀጥላል።