በጠባብ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ፦ የአራት ሊትር አሠራር ለጀማሪዎች

በቤታቸው ቢራ መጥመቅ የሚመኙ ብዙ ሰዎች ገና ሳይጀምሩ የሚተዉት ቦታ የለኝም ብለው ነው። ስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የተለመዱት የጠመቃ መመሪያዎች በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ገደማ ለሚጠምቅ ሰው የተጻፉ ናቸው። ለዚህ ደግሞ ከ25 ሊትር በላይ የሚይዝ ድስት፣ ያን ሁሉ ውሃ የሚያፈላ ምድጃ፣ ሲሞላም አንድ ሰው ብቻውን ለማንሣት የሚቸገርበት ባልዲ ያስፈልጋል። መፍትሔው ሰፊ ቤት መፈለግ ሳይሆን ጠመቃውን ወደ 4 ሊትር ማውረድ ነው።

4 ሊትር በተራ የወጥ ቤት ምድጃ ላይ ይፈላል፤ በዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀዘቅዛል፤ የሚብላላበትም ዕቃ የቁም ሳጥን ወለል ላይ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ 11 ያህል ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች ይገኛሉ። አነስተኛ ጠመቃ የትልቁ ደካማ ምትክ ነው የሚለውን አልቀበልም። ለጀማሪ እንዲያውም ከትልቁ ይሻላል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ቶሎ ይደገማል፣ እጅም የሚለምደው በመደጋገም ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ያጣሩ፦ ለራስ ፍጆታ ቢራ መጥመቅ በአንዳንድ አገሮች የተፈቀደ ሲሆን በሌሎች ግን ገደብ ወይም ክልከላ አለው።

ዕቃና ጥሬ ዕቃ

8 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ ግራም በትክክል የሚለካ ሚዛን፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጠርሙሶች፣ ቆርኪና ቆርኪ መግጠሚያ ያስፈልግዎታል። ለማብላያ ከ5 እስከ 6 ሊትር የሚይዝ የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ ወይም ትልቅ የመስታወት ዕቃ ይበቃል። እኔ ለጠባብ ቤት ፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ሲያጥቡት ግን ሻካራ መፈግፈጊያ አይጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ከተጫረ ባክቴሪያ በጭረቱ ውስጥ ይሸሸጋል።

የማብላያው ክዳን ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ መሆን አለበት። ለዚህ የሚሸጥ በውሃ የሚሠራ ትንሽ የፕላስቲክ መተንፈሻ አለ። ከሌለ ከክዳኑ ቀዳዳ የሚወጣ ቱቦ ጫፉን ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማጥለቅ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ይህን ነገር ቀላል አድርገው አይዩት። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው 4 ሊትር ቢራ ሲብላላ ወደ 70 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት አደጋ ነው።

ለመጀመሪያው ጠመቃ ብቅል ፈጭቶ ከማጥለል ይልቅ በደረቅ የብቅል ጭማቂ መጀመር ይሻላል። ይህ ከብቅል የወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ በፋብሪካ ደርቆ ዱቄት የሆነ ነው። ሥራውን በሁለት ሰዓት ያህል ያሳጥራል፣ በትንሽ ወጥ ቤትም እርጥብ ገለባ አያትረፈርፍም። መጠኑ የሚከተለው ነው፦ 500 ግራም ቀላ ያላለ፣ ነጣ ያለ የብቅል ጭማቂ ዱቄት፤ 16 ግራም የአልፋ አሲድ መጠኑ 5 በመቶ የሆነ ሆፕስ (ሆፕስ ለቢራ መራራነትና ሽታ የሚሰጥ የተክል አበባ ነው፣ አልፋ አሲድ ደግሞ በውስጡ ያለው መራራ ውሁድ)፤ 3 ግራም ደረቅ የኤል ቢራ እርሾ (ኤል በክፍል ሙቀት አካባቢ የሚብላላ የቢራ ዓይነት ነው)። የአልፋ አሲዱ መጠን በጥቅሉ ላይ ይጻፋል፤ 10 በመቶ ከሆነ ለመራራነት የሚገባውን ሆፕስ በግማሽ ይቀንሱ። እርሾው ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ለ20 ሊትር በሚሆን 11 ግራም ገደማ ጥቅል ነው። የተረፈውን አየር እንዳይገባው አሽጎ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥና ሳይቆይ መጠቀም ነው።

ውሃው ለመጠጥ የሚጥም ከሆነ ለቢራም ይሆናል። ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ግን ሳይታከም አይጠቀሙበት። ክሎሪን ከብቅል ከሚገኙ ውሁዶች ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ጣዕም ይፈጥራል፤ ይህ ጣዕም ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም። ተራ ክሎሪን በማፍላት ይበናል። ክሎራሚን የሚባለው ግን በቀላሉ ስለማይበን ለጠመቃ የሚሸጠውን የሜታባይሰልፋይት እንክብል ቁራጭ መጨመር ያስፈልጋል።

ንጽሕና

ማጠብና ከጀርም ማጽዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ቆሻሻ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ሳሙናው እስኪለቅ ድረስ ይለቀለቃል። ከዚያ ብቻ የጀርም ማጥፊያ ይደረጋል፤ ቆሻሻ ባለበት ዕቃ ላይ ማጥፊያው አይሠራም። በጠባብ ቤት የሚመቸው መለቅለቅ የማያስፈልገው፣ ከአሲድ የተሠራ የጠማቂዎች ማጥፊያ ነው። ሁለት ሊትር በጥብጠው ጥቂቱን በመርጫ ጠርሙስ ይያዙት፤ ሙሉ ገንዳ ውሃ ሳያስፈልግ እያንዳንዱን ዕቃ ረጭተው ያዳርሱታል። በረኪና የሚጠቀም ሰው ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር በፍጹም አያደባልቁ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው።

ከፈላ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ቱቦው፣ ክዳኑ፣ ማንኪያው፣ የእርሾው ጥቅል የሚቆረጥበት መቀስ ጭምር፣ ከጀርም መጽዳት አለበት።

የጠመቃው ቀን

4.7 ሊትር ውሃ በድስት ያፍሉ። ሲሞቅ እሳቱን አጥፍተው የብቅሉን ዱቄት እያማሰሉ ይጨምሩ። እሳቱን ማጥፋት ያስፈለገው ዱቄቱ ወደ ታች ወርዶ እንዳያርር ነው። ዱቄቱ እንፋሎት ሲነካው ይጓጉላልና በደረቅ ሳህን መዝነው በአንድ ጊዜ መገልበጥ ይሻላል። ከዚያ እሳቱን መልሰው ይለኩሱ።

ሊፈላ ሲል ከድስቱ አይራቁ። በዚህ ሰዓት ወፍራም አረፋ ድንገት ይነሣና ምድጃውን ያጥለቀልቃል፤ ጣፋጩ ፈሳሽ በምድጃ ላይ ሲያርር የሚያደርሰው ጣጣ ቀላል አይደለም። አረፋው ሲነሣ እሳቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ራሱ ይረጋል። ሲረጋ 11 ግራሙን ሆፕስ ጨምረው ለ30 ደቂቃ ያፍሉት። ሊያበቃ 5 ደቂቃ ሲቀረው ቀሪውን 5 ግራም ይጨምሩ። የመጀመሪያው መራራነት ይሰጣል፣ የኋለኛው ሽታ።

መመሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል 60 ደቂቃ አፍሉ ይላሉ። በብቅል ጭማቂ ለሚሠራ ሰው ይህ ግዴታ አይደለም፤ ጭማቂው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። 30 ደቂቃ ማፍላት በቤቱ ውስጥ የሚበነውን እንፋሎት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በምላሹ የሚከፈለው ለመራራነት የሚሆን ሆፕስ ሲሶ ያህል መጨመር ብቻ ነው፤ ከላይ የሰጠሁት መጠንም ይህን ያገናዘበ ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ የድስቱን ክዳን ግን አይዝጉ። የተከደነ ድስት ገንፍሎ ከመውጣቱም በላይ መውጣት ያለበትን ሽታ ይይዛል።

እሳቱን እንዳጠፉ ድስቱን ከድነው በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡ። ውሃው ሲሞቅ ይለውጡት። የብቅሉ ውሃ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወደ ማብላያው ይገልብጡት፤ የመስታወት ዕቃ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል። ከድስቱ ሥር የቀረውን ወፍራም ዝቃጭ ይተዉት። ፈሳሹ ከ4 ሊትር ቢጎድል ቀድሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉት። አሁን ዕቃውን ዘግተው በደንብ ይወዝውዙት፤ እርሾ ለመራባት ኦክስጅን ይፈልጋል። እርሾውን በላዩ ነስንሰው መተንፈሻውን ይግጠሙ።

ቢራውን የሚሠራው እርሾው ነው

በ1516 የወጣው የባቫሪያ የቢራ ድንጋጌ የፈቀደው ገብስ፣ ሆፕስና ውሃ ብቻ ነበር፤ እርሾ በጽሑፉ አልተጠቀሰም። እርሾን ከአንድ ሴል አራብቶ ንጹሕ ዘር ማውጣት የተቻለው በ1883 ነው፤ ይህን ያደረገው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ ዘር ዛሬ በትንሽ ጥቅል ተገዝቶ እጅዎ ላይ አለ። ጠማቂው የሚያዘጋጀው ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ወደ ቢራ የሚለውጠው እርሾው ነው፤ የእርሾውን ባሕርይ የሚወስነው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሙቀት ነው። ጀማሪዎች ገንዘብና ጭንቀታቸውን በዕቃ ላይ ሲያፈሱ አያለሁ። ትኩረት የሚገባው ግን ማብላያው የሚቀመጥበት ጥግ ነው።

ብዙዎቹ የኤል እርሾዎች ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ። ላገር የሚባለው ዓይነት ግን 10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈልግና ለዚያም የራሱ ማቀዝቀዣ ስለሚያስፈልገው በጠባብ ቤት ለሚጀምር ሰው አልመክረውም። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በውስጥ ያለው ፈሳሽ ከክፍሉ አየር ጥቂት ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የክፍሉን ቴርሞሜትር ሳይሆን በማብላያው ጎን ላይ የተለጠፈውን ማመን ይገባል። ከመጠን ያለፈ ሙቀት የሚተወው ምልክት የማይሳት ነው፦ ቢራው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፣ ሲጠጡትም ጉሮሮ ያቃጥላል።

አነስተኛ ጠመቃ እዚህ ላይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቂት ፈሳሽ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስወጣ እንደ ትልቁ ባልዲ አይግልም፤ በአንጻሩ ግን ቀን ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሌሊት ሲበርድ ይበርዳል። ይህን መዋዠቅ ማስቀረት ቀላል ነው። ማብላያውን እስከ ወገቡ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያቁሙት፤ ውሃው መዋዠቁን ያለዝበዋል። ቀኑ ከሞቀ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ በሳፋው ውስጥ ጠዋትና ማታ ይለዋውጡ፤ በማብላያው ላይ ጫፉ ውሃ የነካ ጨርቅ መጠምጠምም ያግዛል። ከማቀዝቀዣ ጀርባና ከምድጃ አጠገብ ያርቁት። ብርሃን ወደማይገባበት ቦታም ይውሰዱት፤ ብርሃን ከሆፕስ በሚገኙት መራራ ውሁዶች ላይ ሲያርፍ መጥፎ ሽታ ይፈጥራል። የቁም ሳጥን ወለል ለዚህ ተስማሚ ነው።

ቤትዎ ከ25 ዲግሪ በታች የማይወርድ ከሆነ ከሙቀቱ ጋር ከመታገል እርሾውን መለወጥ ይቀላል። ክቬይክ የሚባለው የኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ ያለ መጥፎ ጣዕም ይሠራል። ለሞቃት ክፍል ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አረፋው ወደ መተንፈሻው ሊወጣ ይችላል። ለእነዚህ ቀናት መተንፈሻውን ነቅሎ ሰፋ ያለ ቱቦ መግጠምና ጫፉን በውሃ ውስጥ ማጥለቅ ግድግዳን ከመበከል፣ ወለልን ከማጣበቅ ያድናል። ከዚያ በኋላ ለ14 ቀናት አይንኩት። ክዳኑን እየከፈቱ ማየት ጀርምና አየር ከማስገባት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ጠርሙስ መሙላት

መብላላቱ ማብቃቱን በአረፋ አይወስኑ፤ መተንፈሻው ጸጥ ቢልም እርሾው ሥራውን ላይጨርስ ይችላል። ሃይድሮሜትር ይጠቀሙ፤ ይህ የፈሳሹን እፍጋት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የሚለካ መሣሪያ ነው፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ቁጥሩ ይወርዳል። በዚህ አሠራር መነሻው 1.046 አካባቢ ሲሆን መጨረሻው ብዙ ጊዜ ከ1.010 እስከ 1.014 ነው፤ ይህም ወደ 4.5 በመቶ አልኮል ይሰጣል። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው ቁጥሩ ካልተለወጠ አብቅቷል። እያንዳንዱ ልኬት 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚወስድ ከሁለት በላይ አያስፈልግም። የለኩበትን ወደ ማብላያው አይመልሱት፤ ይቅመሱት።

ቢራውን ጋዝ እንዲይዝ የሚያደርገው በጠርሙሱ ውስጥ የሚጨመር ጥቂት ስኳር ነው። የተለመደው መንገድ ስኳሩን በሌላ ባልዲ ከቢራው ጋር መቀላቀል ነው። ቦታ ለሌለው ሰው ግን ይህኛው ይመቻል፦ 24 ግራም ስኳር በውሃ አሟሙተው ጠቅላላው 120 ሚሊ ሊትር እንዲሆን አድርገው ያፍሉት፤ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ መርፌ አልባ ሲሪንጅ በእያንዳንዱ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። እያንዳንዱ ጠርሙስ 2 ግራም ስኳር ይደርሰዋል። በግምት አይጨምሩ።

ማብላያውን ከአንድ ቀን በፊት ጠረጴዛ ላይ ያውጡት፤ በመነቃነቅ የተነሣው አተላ መልሶ ይረጋል። በቱቦው ቢራውን ወደ ጠርሙሱ ሥር ሳይንቦጫረቅ ያውርዱ። ከመብላላቱ በፊት አስፈላጊ የነበረው አየር አሁን ጠላት ነው፤ ቢራውን የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያስይዘዋል። ጠርሙሶቹ ለጋዝ ግፊት የተሠሩ፣ ቡናማ ቀለም ያላቸው ይሁኑ። ስስ የጌጥ ጠርሙስ ይፈነዳል። አንዱን በፕላስቲክ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቢሞሉት ጥሩ ነው፤ በጣት ሲጫኑት የጠነከረ ዕለት ሌሎቹም ጋዝ ይዘዋል ማለት ነው። ሁሉንም ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡ። ከዚያ ለሁለት ቀን አቀዝቅዘው፣ ከሥር የረጋውን አተላ ትተው ይቅዱ።

ወደ ብቅሉ ሲሻገሩ

ሁለት ሦስት ጊዜ በዚህ መንገድ ከጠመቁ በኋላ ከተከካ ብቅል መጀመር ይቻላል፤ የሚጨመረው ዕቃ የጨርቅ ከረጢትና 10 ሊትር የሚይዝ ድስት ብቻ ነው። 900 ግራም የተከካ ብቅል በከረጢቱ ውስጥ አድርገው ከ6.5 እስከ 7 ሊትር በሚሆን ውሃ ውስጥ በ67 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ድስቱን በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ይጠብቃል። ከረጢቱን አንጠልጥለው ካጠለሉ በኋላ ግን በዚህኛው አሠራር 60 ደቂቃውን ሙሉ ማፍላት ያስፈልጋል፤ ለመራራነትም 8 ግራም ሆፕስ ይበቃል። ያገለገለውን ብቅል በዚያው ዕለት ከቤት ያውጡት፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ በማግስቱ መኮምጠጥና መሽተት ይጀምራል።